ጓዳ የቀረው እውነት፦ ቦሪስ ጆንሰን እና የሚያውቋቸው ጋዜጠኞች

ለንደን፣ ፓርክ ሌን ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ የሽልማት እራት ተሰናድቷል። ሽልማቱን የሚሰጠው የቢቢሲው ጋዜጠኛ ጄረሚ ቫይን ነው፤ የምሽቱ ተናጋሪ ደግሞ ቦሪስ ጆንሰን። ሰዓቱ ደርሷል፣ ተናጋሪው ግን የሉም። አዘጋጆቹ በር በሩን ያያሉ። ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ጆንሰን ፀጉራቸው ተንጨባሮ እየተጣደፉ ገቡ። የት እንዳሉና ዝግጅቱ የምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡልኝ አሉ። ጥቂት ቃላት ሞነጫጨሩና ወደ መድረኩ ወጡ፣ ወረቀቱን ግን ጠረጴዛው ላይ ትተውት። ቫይን አጎንብሶ ሲያየው ከተጻፉት መካከል ሁለቱ «በግ» እና «ሻርክ» የሚሉ ነበሩ።

መድረኩ ላይ ስለ በግ አንድ ታሪክ መጣ፣ ስለ ሻርክ ሌላ ታሪክ መጣ፣ ከዚያም አንድ ቀልድ ጀመሩና መጨረሻው ጠፋባቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ቫይን እንዲህ ያለ ተሰጥኦ አይቶ እንደማያውቅ እያሰበ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ በሌላ የሽልማት ምሽት እንደገና ተገናኙ። ጆንሰን እንደገና ዘገዩ። እንደገና የት ነው ያለሁት አሉ። እንደገና በጉ መጣ፣ ሻርኩም መጣ፤ የቀልዱ መጨረሻም እዚያው ባለፈው የጠፋበት ቦታ ላይ ጠፋ።

ቫይን ይህን ለሕዝብ የጻፈው በ2019 ጁን ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ይህ ሰው የምናየው ሰው ነው ወይ? ጥያቄው ጥሩ ነው። ታሪኩ ግን የዓመታት ዕድሜ ነበረው፤ ለመራጩ የደረሰው ጆንሰን ለእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሊመረጡ ሳምንታት ሲቀሩ ነው።

የዚህ ጥናት ጉዳይ ይኸው መዘግየት ነው። ስለ ቦሪስ ጆንሰን ትክክለኛውን ነገር ከማንም ቀድመው ያወቁት ጋዜጠኞች ናቸው፣ የሙያ ባልደረባቸው ነበሩና። እርስ በርስ ሲነጋገሩበትም ሠላሳ ዓመት አልፏል። ጆንሰንን ከመጠን በላይ ያገነነው ደግሞ ያው ሙያ ነው። በእኔ እምነት ጥፋቱ ጋዜጠኞቹ ሐቁን አለማወቃቸው አይደለም፤ የሚያውቁትን እንደ ቀልድ መንገራቸው ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ አጠራር አንድ ነገር ልበል። የእንግሊዝ ፖለቲከኛ የሚጠራው በቤተሰቡ ስም ነው፦ ታቸር፣ ሜጀር፣ ብሌር፣ ብራውን። በራሳቸው ስም ብቻ፣ ያውም በጋዜጣ ርዕስ ላይ ሳይቀር፣ «ቦሪስ» የተባሉት እሳቸው ናቸው። ለእኛ ሰውን በራሱ ስም መጥራት የተለመደ ስለሆነ ነገሩ ላይከብደን ይችላል። እንግሊዝኛ ግን አንቱታ ስለሌለው ክብርና ርቀቱን የሚይዘው በዚህ በቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ «ቦሪስ» ማለት በእኛ ቋንቋ ቢተረጎም የአገር መሪን «አንተ» እንደማለት ነው። ሰው ከሚያንተው ወዳጁ ጋር ይስቃል፣ ጥፋቱንም ቶሎ ይቅር ይላል። በቤተሰባቸው ዘንድ እንኳ የሚጠሩት «አል» ተብለው ነው፤ ሙሉ ስማቸው አሌክሳንደር ቦሪስ ደ ፌፈል ጆንሰን ነውና። ሕዝብ የወደደው «ቦሪስ» ለአደባባይ የተሠራ ሰው ነበር። እኔ እዚህ አንቱ እያልኩ የምጽፈው ያን ርቀት ለመመለስ ብዬ ነው።

ከታይምስ እስከ ብራስልስ

ጆንሰን በ1964 ኒውዮርክ ተወለዱ፤ በኢተን ኮሌጅና በኦክስፎርድ ተማሩ። በ1987 ዘ ታይምስ ጋዜጣ በጀማሪነት ቀጠራቸው። በቴምዝ ወንዝ ዳር የንጉሥ ኤድዋርድ ሁለተኛ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ተገኝቶ ነበርና ዜናውን እንዲጽፉ ተሰጣቸው። ጽሑፉን ለማድመቅ ንጉሡ ከሚወዱት ከፒየርስ ጋቨስተን ጋር እዚያ ይኖሩ እንደነበር የሚገልጽ ጥቅስ ጨመሩበት። ጥቅሱን የሰጡት ለክርስትና አባታቸው፣ ለታሪክ ምሁሩ ለኮሊን ሉካስ ነው። ሉካስ ግን እንዲህ ብለው አያውቁም። በዚያ ላይ ጋቨስተን የተገደለው በ1312 ነው፣ ቤተ መንግሥቱ ከመሠራቱ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ። ምሁሩ ስማቸው ጎደፈ፣ ጋዜጣው ተዋረደ፣ ጆንሰንም ተባረሩ።

አንድ ጀማሪ ዘጋቢ በሌለ ጥቅስ ተይዞ ከተባረረ በየትኛውም የዜና ክፍል ታሪኩ ያበቃል ብለን እናስብ ይሆናል። የእሳቸው ግን አላበቃም። የዴይሊ ቴሌግራፍ ዋና አዘጋጅ ማክስ ሄስቲንግስ ተቀበሏቸው፤ በ1989 ደግሞ ብራስልስ ላኳቸው። ይህን ስም እንያዘው፣ መመለሳችን አይቀርም።

ብራስልስ ያን ጊዜ ደረቅ የዜና ቦታ ነበር። የግብርና ድጎማ፣ የዓሣ ማስገር ኮታ፣ የሚኒስትሮች ስብሰባ። ጆንሰን እዚያ አዲስ ዓይነት ዜና ፈጠሩ፦ የአውሮፓ ቢሮክራሲ የእንግሊዝን የድንች ጥብስ ጣዕም ሊከለክል ነው፣ የኮንዶም መጠን ሊወስን ነው የሚል። በ1991 የአውሮፓ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው የበርሌይሞን ሕንፃ በፈንጂ ሊፈርስ ነው ብለው ጻፉ። የእውነት ፍሬ ነበረበት፤ ሕንፃው በአስቤስቶስ ተበክሎ ስለነበር ሠራተኞቹ ወጥተዋል። ፈንጂ ግን አልነበረም። በርሌይሞን ታድሶ በ2004 ተከፈተ፣ ዛሬም ቆሟል። ብራስልስ የሄደ ሰው ከሹማን አደባባይ ቀና ብሎ ሊያየው ይችላል።

እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ በሌሎቹ ዘጋቢዎች ላይ የሚደርሰውን ሙያው ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ማታ ስልክ ይደወላል፤ አለቃ «ቴሌግራፍ ላይ የወጣውን አንተ ለምን የለህም?» ይላል። ዘጋቢው ተሯሩጦ ያጣራል፣ እንዲህ ያለ ነገር አለመኖሩን ያረጋግጣል፣ ለአለቃው ይናገራል። «አልሆነም» የሚል ዜና ግን አይወጣም። በማግስቱ ውሸቱ ታትሞ ይነበባል፤ ማጣራቱ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይቀራል።

ጆንሰን ራሳቸው ያን ዘመን በ2005 በቢቢሲ ሬዲዮ ሲያስታውሱት፣ በአትክልት አጥር ላይ ድንጋይ እየወረወሩ ከጎረቤት፣ ከእንግሊዝ፣ የመስታወት መሰባበር እንደመስማት ነበር ብለዋል። የሚጽፉት ነገር ወግ አጥባቂ ፓርቲውን ሲያናውጠው እንግዳ የሆነ የሥልጣን ስሜት ይሰጣቸው እንደነበርም አልደበቁም። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ኑዛዜ ከፖለቲከኛ አፍ ማግኘት ይከብዳል። አድማጩ ግን በፈገግታ አለፈው።

አሁን ወደ አንድ የአገራችን ልማድ ልምጣ። በአገራችን ነገሥታትና መኳንንት «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ሰው በግንባር የማይናገረውን በቅኔና በዘፈን ስለሚያወጣው ነው። ብራስልስም የራሷ አዝማሪ ነበራት። ጆንሰን በ1994 ሥራቸውን ጨርሰው ሲሸኙ፣ ያን ጊዜ ወጣት ዘጋቢ የነበረው፣ በኋላ የቢቢሲ የዲፕሎማሲ ዘጋቢ የሆነው ጄምስ ላንዴል ግጥም አዘጋጀ። ስለ አንዲት ውሸታም ልጅ የተጻፈ፣ እንግሊዛውያን በልጅነታቸው የሚያውቁት የቆየ ግጥም አለ፤ የልጅቷን ስም አውጥቶ «ቦሪስ»ን አስገባበት። ቦሪስ የሚዋሸው ውሸት ሰሚን የሚያስደነግጥ፣ ዓይን የሚያስፈጥጥ ነበር የሚል ነው ሐሳቡ። የመሸኛ ግጥም ነውና ለመሳቂያ ሆነ።

ያ ግጥም የአንድ ሙሉ የዘጋቢዎች ማኅበር የጋራ ምስክርነት ነበር። በእኛ አገር አዝማሪው የሚለውን መስማት የሚፈልገው ጌታው ነው፣ ሰምቶም ነገሩን ይመረምራል። እዚህ ግን ግጥሙን የሰሙት የሚያውቁት ብቻ ናቸው፤ ዜናውን እንደ እውነት ሲያነብ ለኖረው የቴሌግራፍ አንባቢ የሚነግረው አልተገኘም።

ይህን ስጽፍ የማውቀውን ነገር እያሰብኩ ነው። በዜና ክፍል የሠራሁባቸውን ዓመታት ሳስታውስ ከመግለጫ ወጥተን ማኪያቶ ይዘን የምንቀመጥባት ሰዓት ትመጣብኛለች። «ባዶ ነው እኮ!» ይላል አንዱ። «ጥያቄውን እንኳ አልሰማውም» ይላል ሌላው። ስኒው ሲያልቅ ሁላችንም ወደ ቢሮ ተመልሰን «ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ» ብለን እንጽፋለን። ፈርተን ብቻ አልነበረም። ስለ ሰውየው ያለን አስተያየት ዜና አይመስለንም ነበር፤ ያሉት ነገር ነው ዜናው እንል ነበር። የብራስልሶቹ ዘጋቢዎች እንደዚያ አስበው ከሆነ እረዳቸዋለሁ። ግን እነሱ የያዙት አስተያየት ብቻ አልነበረም። ሊፈተሽ የሚችል፣ ቀንና ቦታ ያለው፣ አንድ በአንድ ሊጻፍ የሚችል ማስረጃ ነበራቸው።

የዝናው አሠራር

ከ1998 ጀምሮ ጆንሰን የቢቢሲ ሳምንታዊ የዜና ቀልድ ፕሮግራም ላይ መታየት ጀመሩ፣ በኋላም በአቅራቢነት። የእንግሊዝ ሕዝብ በእውነት የተዋወቃቸው እዚያ ነው። በ1999 የስፔክቴተር መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሆኑ፣ በ2001 ደግሞ ከሄንሊ ለፓርላማ ተመረጡ። በ2004 ስለ ግል ሕይወታቸው የሰጡት ማስተባበያ እውነት አለመሆኑ ሲታወቅ የፓርቲያቸው፣ የወግ አጥባቂው ፓርቲ፣ መሪ ማይክል ሃዋርድ ከኃላፊነታቸው አነሷቸው። በጥቅስ አንድ ጊዜ፣ በቃል አንድ ጊዜ፤ በውሸት ምክንያት ከሥራ ሲነሱ ሁለተኛቸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የለንደን ከንቲባ ሆኑ።

ያልተገባ ዝና እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው የለንደንን የኪራይ ብስክሌቶች ይመልከት። በ2010 ሥራ ሲጀምሩ ሕዝቡ «ቦሪስ ባይክ» አላቸው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ዕቅዱን ያወጡት ግን ከእሳቸው በፊት የነበሩት ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን ናቸው። ጆንሰን ሥራውን መቀጠላቸውና ማስፈጸማቸው እውነት ነው፣ የሚያስመሰግንም ነው። ስሙን ግን ያገኙት በየጋዜጣው ቦሪስ፣ ቦሪስ ስለተባለ ነው። የራሳቸው ድጋፍ የነበረው በቴምዝ ላይ የታሰበው የአትክልት ድልድይስ? 43 ሚሊዮን ፓውንድ የሕዝብ ገንዘብ ጠጥቶ ሳይሠራ ቀረ። እሱን «የቦሪስ ድልድይ» ብሎ የጠራው የለም፤ ለመጥሪያም የሚሆን ድልድይ የለ።

ሌላው ትዕይንት የ2012 ኦሎምፒክ ነው። ኦገስት 1፣ ቪክቶሪያ ፓርክ። ከንቲባው በዚፕ ላይን ገመድ እየተንሸራተቱ ሳለ መሐል ላይ ቆሙ። ሰማያዊ ሄልሜት አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ትንንሽ የእንግሊዝ ባንዲራ ይዘው፣ ኮትና ክራባታቸውን እንደለበሱ ሰማይና ምድር መካከል ተንጠልጥለው ቀሩ። ሕዝቡ ከታች ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ እሳቸውም ከላይ ይቀልዳሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ሲጠየቁ፣ ሌላ ፖለቲከኛ ገመድ ላይ ቢቀር ጉድ ነው፣ ለቦሪስ ግን ድል ነው የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጡ። ልክ ነበሩ። ጋዜጦቹ በማግስቱ ያን ምስል አተሙት፣ አንባቢም ወደደው። የከንቲባው የበጀት ውሳኔ ያን ያህል ቦታ አግኝቶ አያውቅም።

ቴሌግራፍ ለሳምንታዊ ዓምዳቸው በዓመት 250,000 ፓውንድ ይከፍላቸው ነበር። ከንቲባ ሆነው ስለዚያ ገንዘብ በ2009 ሲጠየቁ ለዶሮ የሚበተን ጥሬ እንደማለት አቃለሉት። ሰው ተናደደ፤ ዓምዱ ግን ቀጠለ። ለጋዜጣው ዋጋ ያለው ጸሐፊ ነበሩ፣ ስለሚነበቡ። ይህን መካድ አይገባም፤ ጆንሰን ቋንቋ ይታዘዝላቸዋል። ተቀናቃኙ ሌበር ፓርቲ በሚያይልባት ለንደን ሁለት ጊዜ ማሸነፍም ቀላል አይደለም። ዝናቸው ከምንም የተፈጠረ ነው ማለት ስህተት ይሆናል። አነጋገርና ብዕር ላይ የተገኘውን ዝና ግን ጋዜጦቹ ለአገር መምራት ብቃት ምስክር አድርገው አቀረቡት። እኔ ያልተገባ የምለው ያንን ነው።

ፊት ለፊት

በ2013 ማርች 24 እሑድ ጠዋት የቢቢሲው ኤዲ ሜር ጆንሰንን ስቱዲዮ ውስጥ አስቀመጠ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አይቸኩልም። ስለ ታይምሱ ጥቅስ ጠየቃቸው። ማይክል ሃዋርድን ስለመዋሸታቸው ጠየቃቸው። በ1990 አንድ ጓደኛቸው አንድን ጋዜጠኛ ለማስደብደብ አድራሻውን ሲጠይቃቸው በስልክ ሲነጋገሩ ስለተቀዳው ድምፅ ጠየቃቸው። ጆንሰን እየተቁነጠነጡ ርዕስ ለመቀየር ሞከሩ። ሜር መጨረሻ ላይ፣ በጥያቄ መልክ፣ ክፉ ሰው ነዎት አይደል? አላቸው።

ይህ በአገሩ የጋዜጠኝነት ልማድ እጅግ ያልተለመደ ነበር፤ ስለ ፖለቲከኛው ጓዳ ውስጥ የሚባለው ነገር በቀጥታ ሥርጭት፣ በባለቤቱ ፊት ተባለ። የጆንሰን አባት ቃለ መጠይቁን አስጸያፊ አሉት። ጆንሰን ራሳቸው ግን በኋላ ሜር ሥራውን ጥሩ አድርጎ ሠርቷል ብለው አመሰገኑት፤ ትችቱም ቀልድ ሆኖ ተዋጠ።

ሜርን ደጋግሜ ሳየው የምደነቀው በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ከእሷ በፊት ባሉት ሦስት ጥያቄዎች ነው፤ ቀን፣ ስም፣ የተቀዳ ድምፅ ያለባቸው ናቸው። ሕዝቡ የያዘው ግን ስድቡን ነው። በሳምንቱ ሲጠቀስ የነበረው «ክፉ ሰው» የሚለው እንጂ የኮሊን ሉካስ ስም አልነበረም። ጋዜጠኛ ስለ ሰው ባሕርይ ፍርድ ሲሰጥ ፍርዱ ማስረጃውን ይሸፍነዋል፤ ሰሚውም ፈራጁን ይወዳል ወይም ይጠላል፣ ነገሩን ይረሳል።

ሄስቲንግስ አሁን ይመለሱ። በ2012 ኦክቶበር ዴይሊ ሜል ላይ፣ ጆንሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቦነስ አይረስ ወይም ሌላ ቦታ ከሚሰደዱት አንዱ እንደሚሆኑ ጻፉ። በ2019 ጁን 24 ደግሞ ጋርዲያን ላይ ወጡ፤ የጆንሰን አለቃ ነበርኩ፣ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ፈጽሞ አይበቁም ሲሉ። ድንቅ አዝናኝ መሆናቸውን መሰከሩ፤ ከራሳቸው ዝናና ደስታ በቀር የሚያስቡለት ነገር ግን የለም አሉ። ልክ በወሩ፣ ጁላይ 23፣ የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባላት በ92,153 ድምፅ ጆንሰንን መረጡ፤ ተፎካካሪያቸው 46,656 አገኙ። በዲሴምበሩ ምርጫ ፓርቲያቸው 365 ወንበር ወሰደ።

የሄስቲንግስ ጽሑፍ ደፋርና እውነተኛ ነው። ሳነበው ግን እንደ አንባቢ ቅር ይለኛል። ከታይምስ የተባረሩትን ሰው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። የብራስልሱ ዜና የወጣው በእሳቸው ጋዜጣ፣ በእሳቸው ሥልጣን ስር ነው። አለቃ እያሉ በአንድ የእርምት ዓምድ ሊሠሩት ይችሉ የነበረውን፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሙሉ ገጽ ብርቱ ቃል ሊያካክሱት አልቻሉም።

ዋጋው

ያልተገባ ዝና ጉዳቱ የሚታየው ባለ ዝናው ሥራ ላይ ሲቀመጥ ነው። ጆንሰን ከ2016 ጁላይ እስከ 2018 ጁላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በቴህራን እስር ላይ የነበረች ናዛኒን ዛጋሪ ራትክሊፍ የምትባል የእንግሊዝና የኢራን ዜጋ ነበረች። በ2016 ኤፕሪል ሁለት ዓመት ካልሞላት ልጇ ጋር ወላጆቿን ጠይቃ ስትመለስ ነው አውሮፕላን ማረፊያ የተያዘችው። ዘመድ ጥየቃ እንደሄደች ቤተሰቧም አሠሪዋም ይናገሩ ነበር። በ2017 ኖቬምበር 1 ጆንሰን ለፓርላማ ኮሚቴ ሲያስረዱ፣ ሰዎችን ጋዜጠኝነት ስታስተምር ነበር አሉ። ሐሰት ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ፍርድ ቤት አቀረቧት፣ የሚኒስትሩም ቃል ተጠቀሰባት።

ፍርዱን ያመጣው ያ ቃል ነው አልልም፤ አምስት ዓመት የተፈረደባት በ2016 ነው፣ የተፈታችውም በ2022 ማርች እንግሊዝ የቆየውን የኢራን ዕዳ ስትከፍል ነው። ከተፈታች በኋላ ግን ጆንሰንን ቢሯቸው አግኝታ፣ አራት ዓመት ተኩል በቃላቸው ጥላ ሥር እንደኖረች በአፏ ነገረቻቸው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያሳቀው አለመዘጋጀት፣ ያቺ ወረቀት ላይ የተሞነጫጨረች «በግ»፣ ኮሚቴ ፊት ሲመጣ የሰው ዕድሜ ነካ።

የእኛም ሰው ፋይል እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የእንግሊዝ ዜግነት ያላቸው አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ በ2014 ጁን ሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው ለኢትዮጵያ ተላልፈው ነበር። ለንደን ያሉ ኢትዮጵያውያን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በር ላይ ስማቸውን ይዘው በተደጋጋሚ ቆመዋል። የተፈቱት በ2018 ሜይ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ በመጣው ለውጥ። ይህን የማነሳው እዚያ በር ላይ የቆመ ሰው የሚኒስትሩ ዝግጁነት ምን ያህል ነፍስ እንደሚነካ ስለሚያውቅ ነው። ለእሱ የ«ቦሪስ» ቀልድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ያወረዳቸው ነገር

ጆንሰንን ከሥልጣን ያወረደው አስተያየት አይደለም። በ2021 ኖቬምበር 30 የዴይሊ ሚረሯ ፒፓ ክሬራር፣ በኮቪድ እገዳ ወቅት የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያና ቢሮ በሆነው ዳውኒንግ ስትሪት ውስጥ ግብዣዎች እንደነበሩ ዘገበች። ስለ ጆንሰን ባሕርይ ፍርድ አልሰጠችም፤ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል ሰው ነበር የጻፈችው። በሳምንቱ አይ ቲቪ የተባለው ቴሌቪዥን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቃል አቀባይ ስለ ግብዣው በመግለጫ ልምምድ ላይ ስትስቅ የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ። በጃንዋሪ ቴሌግራፍ፣ የራሳቸው የድሮ ቤት፣ ንግሥቲቱ ባለቤታቸውን ለብቻቸው ተቀምጠው በቀበሩበት ቀን ዋዜማ ቢሮው ውስጥ መጠጥ እንደነበርና ወይን በሻንጣ ተገዝቶ እንደገባ ጻፈ።

ሻንጣዋን ሁሉም ሰው ማየት ቻለ። እናቱን በስልክ ስክሪን የተሰናበተ ሰው ሻንጣውን በዓይነ ሕሊናው ሲያይ ሳቁ ቆመ። ፖሊስ 126 ቅጣት ጣለ፤ አንዱ የጆንሰን ነበር፣ 50 ፓውንድ። ኪየቭ ሄደው ለዩክሬን ያሳዩት ድጋፍ በብዙዎች ተመስግኗል፤ ግን አላዳናቸውም። በ2022 ጁላይ 7፣ ከሃምሳ በላይ ሹማምንት ጥለዋቸው ከሄዱ በኋላ፣ መልቀቃቸውን አስታወቁ።

ክሬራር ያደረገችውን በ1991 አንድ ሰው በበርሌይሞን ላይ ቢያደርገው፣ ሕንፃው አይፈነዳም፣ ጸሐፊው ማንን እንደጠቀሰ ይኸው ብሎ ስም ጠርቶ ቢያትመው ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ሥራው ተመሳሳይ ነው። የሚጠይቀው ድፍረት እንኳ ያን ጊዜ ያነሰ ነበር፤ ሰውየው ዕድሜያቸው በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ዘጋቢ እንጂ ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበሩም።

በ2023 ጁን 15 የፓርላማው የልዩ መብቶች ኮሚቴ ጆንሰን ምክር ቤቱን እያወቁ አሳስተዋል አለ። ቀድመው ከአባልነት ባይለቁ ኖሮ ለ90 ቀን እንዲታገዱ እንመክር ነበር ሲልም አከለ። በአራተኛው ቀን ምክር ቤቱ ሪፖርቱን በ354 ድምፅ ለ7 አጸደቀው።

ሪፖርቱ በወጣ ማግስት፣ ጁን 16፣ ዴይሊ ሜል አዲስ ሳምንታዊ ዓምደኛ መቅጠሩን አበሰረ። ዓምደኛው ቦሪስ ጆንሰን ናቸው። ሄስቲንግስ ከአሥራ አንድ ዓመት ገደማ በፊት ስለ ቦነስ አይረስ የጻፉበት ያው ጋዜጣ ነው።